በበዓል መንገድ ዐይንና ልብ አይለያዩ

ጥር 10 ቀን፣ የከተራ ዕለት፣ በባሕር ዳር ከተማ ታቦታት ከየአድባራቱ ወጥተው በካህናት ዝማሬና በምእመናን እልልታ ታጅበው ወደ ጥምቀተ ባሕር ይወርዳሉ። ነጭ የለበሰው ሕዝብ አደባባዩንና ጎዳናውን ሞልቶ ይጓዛል። በዚያው ሰሞን ለበዓሉ ተሳፋሪ የጫነው አውቶቡስ፣ ባለ ሦስት እግሩ ባጃጅ፣ ብስክሌተኛውና ከገጠር የመጣው እግረኛ በአንድ መንገድ ይገናኛሉ። ወሩ የሠርግም ወር ነውና የሙሽራ አጃቢ መኪናዎች ይጨመሩበታል። እንዲህ ባለው ቀን ለአፍታ ልቡ የተከፈለ አሽከርካሪ የደስታውን ቤት የልቅሶ ቤት ሊያደርገው ይችላል።

ስለ መኪና አደጋ ሲነሣ አዘውትሮ የሚወቀሰው ፍጥነትና ስካር ነው። የአሳብ መከፈል ግን ሽታም ድምፅም ስለሌለው ሳይወቀስ ይታለፋል። ይህም የሚሆነው ዐይን ከመንገድ ሲነሣ፣ እጅ መሪን ሲለቅ፣ ኅሊናም ወደ ሌላ ጉዳይ ሲሄድ ነው። ተንቀሳቃሽ ስልክ ሦስቱንም በአንድ ጊዜ ይወስዳል።

በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በ3 ሰኮንድ 50 ሜትር ይሄዳል። እንግዲህ መልእክት ለማንበብ ለ3 ሰኮንድ ያጎነበሰ ሾፌር ያን ሁሉ ርቀት ዐይኑን ጨፍኖ እንደ ነዳ ይቆጠራል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው፣ እያሽከረከረ በስልክ የሚነጋገር ሰው ከማይነጋገረው ይልቅ 4 ጊዜ ያህል ለአደጋ የተጋለጠ ነው። በጆሮ ማዳመጫ መነጋገርም እጅን እንጂ ኅሊናን ነፃ አያወጣም። ይኸው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት፣ በዓለም ላይ በዓመት 1 ሚሊዮን 190 ሺህ ያህል ሰዎች በመንገድ አደጋ እንደሚሞቱ አስታውቋል።

በእጅ ስልክ እየተነጋገሩ ማሽከርከር በሀገራችንም የሚያስቀጣ ጥፋት ነው። ይሁን እንጂ ቅጣት የሚያስፈራው የትራፊክ ፖሊስ በቆመበት ስፍራ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ሰውን የሚጠብቀው ከልጅነቱ የሰማው ምክር ነው። ምክርም የሚሰማው ሰሚው በሚያከብረው አንደበትና በሚያውቀው ምሳሌ ሲነገር ነው።

የጣና ዳርቻና የአካባቢው ሕዝብ ቋንቋውም ልማዱም ብዙ ነው። በሐይቁ ዳር ከደንገል ታንኳ ለሚሠራው የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ፣ ቀዛፊ ማዕበል ሲነሣ ወደ ኋላ ዞሮ እንደማያወራ ማስረዳት አያሻም። ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው አውራ ጎዳና በዳንግላና በእንጅባራ በኩል የአዊን ምድር ያቋርጣል። በዚያም በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን ጥር 23 ቀን ያከብራል። ልጓም የያዘ ሰው ሌላ ነገር እንደማይይዝ የማኅበሩ አባቶች በአገውኛ ቢናገሩ፣ ወጣቱ ሾፌር ከመንገድ ዳር ሰሌዳ ይልቅ እነርሱን ይሰማል። ሙስሊም ወገኖቻችንም ይህንኑ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ከኢማሞቻቸው አንደበት ቢሰሙት መልካም ነው። ለእኛም ሰንበቴው፣ የጽዋ ማኅበሩና የንስሐ አባት አሉልን። በቅዳሴ ጊዜ ዲያቆኑ ሕዝቡ ወደ ምሥራቅ እንዲመለከት ሲያዝዝ፣ የተበተነ ኅሊና ከዐይን ጋር ወደ አንድ ስፍራ እንዲሰበሰብ ነው። ይህን ሥርዓት የተማረ ምእመን መሪ ሲጨብጥ ሊዘነጋው አይገባም።

ክቡራን አንባብያን፣ ነገሩ የሾፌሩ ብቻ አይደለም። በበዓል ዋዜማ ወደ መንገደኛው የሚደወለው ከማን ቤት ነው? እናት «የት ደረስህ ልጄ?» ትላለች፤ ባለቤቱ «ዶሮው ሊቀርብ ነው» ትላለች፤ ወዳጅ «እንኳን አደረሰህ» ሊል ይደውላል። ሁሉም ከፍቅር የመጣ ነው። ነገር ግን ያ ጥሪ የሚደርሰው ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ላለ፣ ወይም በሕዝብ መካከል ለሚያልፍ ሰው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መንገደኛው ከመነሣቱ በፊት ቤተ ሰቡ የሚደውልበትን ሰዓት ይንገረው፤ እርሱም ስልኩን ዘግቶ ወይም ለረዳቱ ሰጥቶ ይነሣ፤ መናገር ካስፈለገው ዳር ይዞ ይቁም። የሙሽራ አጃቢዎችም ከመስኮት ተንጠልጥሎ ቪዲዮ ማንሣትንና መቀዳደምን ይተዉ። እግረኛና ብስክሌተኛም መንገድ ሲሻገሩ የጆሮ ማዳመጫቸውን ያውልቁ።

ዘግይቶ የደረሰ እንግዳ ወጡ ቢቀዘቅዝ ይሞቅለታል። ስለዚህ የበዓል ምኞታችንን መንገደኛው ደጃፋችንን ረግጦ ሲገባ በቃል እንንገረው።

መልካም የጥምቀት በዓል ይሁንልን።