የባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያና በረራው እንዴት እንደሚሠራ

የባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ ከከተማዋ በስተ ምዕራብ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቆ፣ ከጣና ሐይቅ ደቡባዊ ዳርቻ አጠገብ ይገኛል። የከተማው ሰው «ኤርፖርት» ብቻ ይለዋል። በይፋ የሚጠራው በደጃዝማች በላይ ዘለቀ ስም ነው። ደጃዝማች በላይ አምስቱን የጣልያን ወረራ ዓመታት በጎጃም የተዋጉና በ1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በስቅላት የተቀጡ አርበኛ ናቸው። ከዚያ በፊት ማረፊያው ግንቦት 20 ይባል ነበር። ትኬት ላይ ግን ሁለቱም ስሞች አይገኙም፤ እዚያ ያሉት ሦስት የላቲን ፊደላት ናቸው፣ ሲነበቡ ቢ.ጄ.አር.። ሻንጣ ላይ የሚታሰረው ወረቀትም የሚያውቀው ይህንኑ ምልክት ብቻ ስለሆነ መንገደኛ ቢይዘው ይጠቅመዋል።

መንደርደሪያው አስፋልት ነው፤ ርዝመቱ 3,000 ሜትር ያህል ሲሆን ከሰሜን ምሥራቅ ወደ ደቡብ ምዕራብ ተዘርግቷል። በሁለቱ ጫፎቹ 04 እና 22 የሚሉ ቁጥሮች በትልቁ ተጽፈዋል። ቁጥሮቹ የኮምፓስ አቅጣጫ ናቸው፤ መጨረሻቸው ላይ ዜሮ ሲጨመር 40 እና 220 ዲግሪ ይሆናሉ። አብራሪው ነፋሱን ከፊት ለፊት ለመቀበል ከሁለቱ አንዱን ይመርጣል። አውሮፕላኑ አንድ ቀን ከሐይቁ በኩል ዝቅ ብሎ ሲመጣ፣ ሌላ ቀን ከተቃራኒው ጫፍ የሚገባውም በዚሁ ምክንያት ነው። ከሐይቁ በኩል በሚገባበት ቀን በመስኮት ወንበር የተቀመጠ ሰው ጣናን ይመለከታል፤ ለዚህ የሚጠየቅ ተጨማሪ ክፍያ የለም።

ሦስት ሺህ ሜትር ለአገር ውስጥ በረራ የበዛ ቢመስልም ቦታው ይጠይቀዋል። ማረፊያው ከባሕር ወለል በላይ 1,820 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፣ ከጣና ውኃ ደግሞ ሠላሳ ሜትር ያህል ይበልጣል። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር በ16 ከመቶ ያህል ይሳሳል። በመጋቢትና በሚያዝያ ቀትር ሙቀቱ ወደ 30 ዲግሪ ሲጠጋ ጉድለቱ ወደ ሩብ ይቃረባል። ክንፍም ሞተርም የሚሠሩት በአየር ነው፤ አየሩ ሲሳሳ አውሮፕላኑ ለመነሣት የበለጠ ፍጥነት ያስፈልገዋል፣ ያን ፍጥነት ለመያዝም ረጅም መንደርደር ግድ ይለዋል። የደጋ አገር አየር መንገዶች ሁሉ ይህን ያውቁታል። የአዲስ አበባው ማረፊያ ቦሌ ራሱ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ነው፤ ጎንደርና ላሊበላም ሁለት ሺህ ሜትርን ይጠጋሉ። ከባሕር ዳር ጠዋት የሚነሣ አውሮፕላን ከቀትሩ ይልቅ በቀላሉ ከምድር የሚለቀው በቀዝቃዛው አየር ምክንያት ነው።

ሌላው የቦታው ጠባይ ወፍ ነው። ጣና ዙሪያውን ረግረግ የከበበው፣ ከአውሮፓ የሚሰደዱ ክሬን የሚባሉ ወፎች የሚከርሙበት፣ ፔሊካንና ዓሣ በል ንስር የማይለየው ሐይቅ ነው፤ ዩኔስኮም በ2015 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት መዝግቦታል። ለጎብኚ ሀብት የሆነው ይኸው ወፍ ለአብራሪ ስጋት ነው። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በባሕር ዳር በኩል ወደ አስመራ ይጓዝ የነበረ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737፣ ገና ከባሕር ዳር እንደተነሣ የርግብ መንጋ ውስጥ ገባ። ርግቦቹ በሁለቱም ሞተሮች ተሳቡ። አብራሪዎቹ ወደ ማረፊያው ለመመለስ ቢሞክሩም ሞተሮቹ ኃይላቸውን አጡ፤ አውሮፕላኑ ጎማውን ሳይዘረጋ ሜዳ ላይ በሆዱ አረፈና በእሳት ተያያዘ። ከ104 ተሳፋሪዎችና ሠራተኞች 35ቱ ሞቱ። አደጋውን ያደረሰችው የረግረጉ ትልልቅ ወፍ አልነበረችም፤ በየቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያና በየገደሉ የምትሰፍረው፣ ማንም ከቁም ነገር የማይቆጥራት የዱር ርግብ ነበረች። የአቪዬሽን ባለሙያዎች በሁለት ሞተር ላይ በአንድ ጊዜ የደረሰ የወፍ ጉዳትን ሲያነሡ ይህን በረራ ይጠቅሳሉ። ትምህርቱ ከመንደርደሪያው አጥር ውጭም ይዘልቃል፦ ርግብን እህል ይስባታል፣ ጥንብ አንሣን ደግሞ የከብት ሬሳና የቄራ ትርፍ። ስለዚህ በማረፊያ አቅራቢያ ቆሻሻ የት እንደሚጣል መወሰን የከተማው ማዘጋጃ ቤትም የአየር ማረፊያውም ጉዳይ ነው።

ተርሚናሉ ትንሽ ነው፤ ትንሽነቱም ለመንገደኛ ይስማማል፣ የሚጠፋበት ሰው የለምና። ፍተሻው ሁለት ጊዜ ነው፦ አንዱ ሲገባ ሻንጣንና አካልን፣ ሁለተኛው ቦርዲንግ ፓስ ከተያዘ በኋላ ወደ መጠበቂያ ክፍል ሲታለፍ። ከዚያም በፊት መግቢያ መንገዱ ላይ መኪና ይቆማል። ሸኚው ብዙውን ጊዜ ውጭ ይቀራል፤ ስለዚህ ስንብቱን በር ላይ ጨርሶ መግባት ይሻላል። በካውንተሩ ሻንጣ ይመዘናል፣ መታወቂያ ይታያል፣ ወንበር ይሰጣል። ወደ አውሮፕላኑ የሚወስድ የታሸገ ድልድይ ስለሌለ መንገደኛው በእግሩ ይሄድና በደረጃ ይወጣል፤ ክረምት ላይ ጃንጥላ ወይም ነጠላ የማይጎድለው ሰው ብልህ ነው።

የበረራውን ጠባይ ለመረዳት ዋናው ነገር ግን ባሕር ዳር ሳይሆን ቦሌ ነው። በማረፊያው በመደበኛ በረራ የሚገለገለው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ብቻ ነው። ማረፊያዎቹን ያስተዳድር የነበረው የኢትዮጵያ ኤርፖርቶች ድርጅትም በ2009 ዓ.ም. መጨረሻ ወደ አየር መንገዱ ግሩፕ ተጠቃልሏል። ስለዚህ ሕንፃውንም አውሮፕላኑንም የሚያንቀሳቅሰው አንድ ቤተሰብ ነው፤ ይህም ሥራውን ያቀላጥፋል፣ ለአማራጭ ግን ቦታ አይተውም። ከአዲስ አበባ እስከ ባሕር ዳር በአየር ከ300 ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል፤ አውሮፕላኑ በአንድ ሰዓት ገደማ ይጨርሰዋል። መስመሩን በብዛት የሚሠራው ሰባ ያህል ሰው የሚይዘው ባለ ሁለት ፕሮፔለር ኪው 400 ነው፤ አየር መንገዱ ይህን ዓይነት አውሮፕላን ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ይበርበታል። ጉዞው ሲበዛ ደግሞ ቦይንግ 737 ይመጣል። ፕሮፔለር መሆኑ ኋላ ቀርነት አይደለም፤ ለአጭር መስመር ነዳጅ ይቆጥባል፣ በዚህ ርቀት ደግሞ ጄት የሚያተርፈው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው።

አውሮፕላኑ ባሕር ዳር አያድርም ማለት ይቻላል። ጠዋት ከቦሌ መንገደኛ ይዞ ይመጣል፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ ሌላ መንገደኛ ጭኖ ይመለሳል፣ ከዚያ ደግሞ ወደ ሌላ ከተማ ይላካል። ክረምት ላይ ቦሌ በጉም ወይም በከባድ ዝናብ ሲዘገይ፣ ባሕር ዳር ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ በረራው ይዘገያል። የሚጠብቀው ሰው ሰማይ እያየ የሚደነቀው በዚህ ነው። ምክንያቱን ለማወቅ ካውንተሩን «አውሮፕላኑ ከአዲስ አበባ ተነሥቷል?» ብሎ መጠየቅ፣ «ስንት ሰዓት ነው?» ከማለት የተሻለ መልስ ያስገኛል። ካልተነሣ ገና ቢያንስ አንድ ሰዓት ተኩል አለ ማለት ነው።

የበረራው ሰዓትም የሚቆረጠው ቦሌን በማየት ነው። አየር መንገዱ ከአውሮፓ፣ ከአሜሪካና ከመካከለኛው ምሥራቅ የሚመጡትን መንገደኞች ጠዋት ቦሌ ላይ ይሰበስብና ወደ አፍሪካ ከተሞች ያከፋፍላል፤ ወደ ዋሽንግተንና ወደ አውሮፓ የሚሄዱትን ደግሞ ማታ ዘግይቶ ያሳፍራል። የአገር ውስጥ በረራዎች የዚህ መረብ ቅርንጫፎች ናቸው። ባሕር ዳር ላይ ኢሚግሬሽንና ጉምሩክ ስለማይጠናቀቅ ወደ ውጭ የሚሄድ ሰው ፓስፖርቱን የሚያስመታው ቦሌ ነው። ከባሕር ዳር እስከ መጨረሻው መዳረሻ በአንድ ትኬት የተገዛ ጉዞ ከሁለት የተለያዩ ትኬቶች ይሻላል፤ የመጀመሪያው በረራ ዘግይቶ ሁለተኛው ካመለጠ በአንድ ትኬት የያዘውን ሌላ በረራ ላይ ማስገባት የአየር መንገዱ ድርሻ ይሆናል፣ ለየብቻ የገዛ ሰው ግን ራሱን ችሎ መውጣት አለበት። ሻንጣውም ቦሌ ላይ መውጣት አለመውጣቱ የሚታወቀው በታሰረው ወረቀት ላይ ባሉት ፊደላት ነው፤ ወረቀቱ ኤ.ዲ.ዲ. የሚል ከሆነ ሻንጣው የሚወጣው አዲስ አበባ ነው። ካውንተሩን ሳይለቁ ማንበብ አሥር ሰኮንድ አይፈጅም።

አዲስ መንገደኛን ከሁሉ በላይ የሚያሳስተው የትኬቱ ሰዓት ነው። ትኬት የሚጻፈው በ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው፤ ወደ አበሻ ሰዓት ለመመለስ ስድስት ይቀነሳል፣ ውጤቱ ከ12 ከበለጠ ደግሞ 12 ይቀነስለታል። 07፡00 የሚል ትኬት ጠዋት 1 ሰዓት ነው፤ ሰባት ሰዓት ብሎ ያነበበ ሰው ማረፊያው ሲደርስ አውሮፕላኑ ከሄደ ስድስት ሰዓት ሆኖታል። 13፡40 ከቀኑ 7፡40፣ 20፡10 ደግሞ ከምሽቱ 2፡10 ነው። ቀኑም እንደዚሁ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፦ ጃንዋሪ 10 ጥር 2 ነው እንጂ ጥር 10 አይደለም። የስምንት ቀን ልዩነት ለልደትና ለጥምቀት ሰሞን ተጓዥ ሙሉውን በዓል ሊያስመልጥ ይችላል። ታኅሣሥ 29 ላሊበላ፣ ጥር 11 ጎንደር ለመገኘት የሚፈልግ ብዙ ስለሆነ በዚያ ሰሞን ትኬት ቀድሞ ያልቃል።

ትኬት በከተማው ከሚገኘው የአየር መንገዱ ቢሮ፣ ከጉዞ ወኪል ወይም ከስልክ መተግበሪያው ይገዛል፤ ክፍያውም በባንክ ወይም በቴሌብር ይፈጸማል። በስልክ ቦታ የያዘ ሰው ኮድ ይሰጠዋል፤ በተባለው ጊዜ ውስጥ ካልከፈለ ቦታው ይለቀቃል። ስም በመታወቂያው እንዳለ መጻፍ አለበት። ፓስፖርት፣ የቀበሌ ወይም የፋይዳ መታወቂያ ይዞ መቅረብ ግድ ነው። በላቲን ሲጻፍ አንድ ስም በሦስት ዓይነት ሊጻፍ ስለሚችል የትኬቱና የሰነዱ አጻጻፍ መመሳሰሉን ቀድሞ ማየት ያስፈልጋል። የውጭ አገር ዜጋ ከኢትዮጵያዊ የተለየ ታሪፍ ይከፍላል፤ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዚሁ አየር መንገድ ከሆነ ግን ለአገር ውስጥ በረራ ቅናሽ ያገኛል። ከዲያስፖራ የሚመጣ ዘመድ ትኬቱን ለየብቻ ከመግዛቱ በፊት ይህን ቢያውቅ ይጠቀማል።

የሚፈቀደው ኪሎ ትኬቱ ላይ ተጽፏል፤ የበለጠው ይከፈልበታል። ከጎጃም የሚመለስ ሰው ማር፣ ቅቤና ጠበል ሳይዝ አይሄድምና ክዳን ማጥበቅ፣ በፕላስቲክ መጠቅለልና ወደ ሻንጣ ማስገባት ይበጀዋል። ፓወር ባንክና ትርፍ ባትሪ በተቃራኒው እጅ ላይ በሚያዘው ቦርሳ መሆን አለበት፤ ሊትየም ባትሪ ዕቃ ክፍል ውስጥ እሳት ቢያነሣ የሚያየው ስለሌለ በየትኛውም አገር ይህ ሕግ ነው። ቢላና ሽመል ከመንገደኛው ጋር አይገቡም።

በረራው ተቋርጦ አያውቅም ማለት አይቻልም። ኅዳር 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ሌሊት በባሕር ዳርና በጎንደር ማረፊያዎች ላይ ሮኬት ተተኩሶ ነበር። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያም በአማራ ክልል ውጊያ ሲነሣ ወደ ባሕር ዳር፣ ጎንደርና ላሊበላ የሚደረገው በረራ ለጊዜው ቆሞ ነበር። ከዚያ ወዲህ የመንገዱ ስጋት ሰዉን ወደ አውሮፕላን ገፍቶታል። ቀድሞ ሰላም ባስ ወይም ስካይ ባስ ተሳፍሮ፣ ደጀን ላይ የዓባይ በረሃን ወርዶ ወጥቶ፣ ከአምስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ የሆነውን መንገድ በአንድ ቀን የሚጨርስ ሰው አውሮፕላንን እንደ ቅንጦት ያየው ነበር፤ አሁን ታማሚ፣ ተማሪና ነጋዴ ከጎብኚ እኩል ሰልፍ ይይዛሉ። ማረፊያው በቱሪስት ዘመን የተዘጋጀለት ሥራ ይህ አልነበረም።

መስመሩን የቀረጸው ያ የቱሪስት ዘመን ነው። አዲስ አበባ፣ ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ ላሊበላና አክሱም በአንድ ክር ተያይዘው «ታሪካዊው መስመር» ይባሉ ነበር፤ አንድ አውሮፕላን በጠዋት ተነሥቶ ከከተማ ከተማ እየዘለለ መንገደኛ ያወርድና ይጭን ነበር። ባሕር ዳር በዚያ ሰንሰለት ብዙ ጊዜ የመጀመሪያዋ ማቆሚያ ነበረች። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በአየር መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በመኪና ግን 180 ኪሎ ሜትር ያህል ዞሮ በሐይቁ ምሥራቃዊ በኩል ያስኬዳል።

ከማረፊያው ወደ ከተማ ታክሲ አለ፤ ዋጋው ከመሳፈር በፊት ይነገራል፣ ይከራከሩበታል። ብዙ ሆቴሎች ለእንግዳቸው መኪና ይልካሉ፤ ይህን ክፍል ሲይዙ መጠየቅ ያስፈልጋል። የጢስ ዓባይ ፏፏቴን ለማየት የመጣ ሰው ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀረዋል፤ ወደ ዘጌ ወይም ወደ ደሴቶቹ ገዳማት የሚሻገር ደግሞ ጀልባ የሚይዘው ከከተማዋ ወደብ ስለሆነ መጀመሪያ ወደ መሀል ከተማ መግባት አለበት።