ሰብል የሚያደርቀው ጭስ ተይዞ ማዳበሪያ ሲሆን

የፋብሪካ ጭስ እርሻ ላይ ሲያርፍ ጉዳቱን ቀድሞ የሚያየው ገበሬው ነው። በካናዳ በትሬይል ከተማ በሚገኘው የእርሳስና የዚንክ ማቅለጫ ፋብሪካና ከድንበር ማዶ በአሜሪካ በዋሽንግተን ግዛት ያርሱ በነበሩ ገበሬዎች መካከል የተነሣው ክርክር ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው።

ማዕድኑ ሲቃጠል በውስጡ ያለው ድኝ ከአየር ጋር ተዋሕዶ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ የተባለ ጋዝ ይሆናል። ጋዙ በቅጠሉ ቀዳዳዎች ገብቶ ቅጠሉን ያነጣዋል፤ ገብስና አልፋልፋ በተለይ ይጎዱበታል። ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ1925 እና በ1927 ቁመታቸው 125 ሜትር ያህል የሆነ ጭስ ማውጫዎች ቢያቆምም፣ ጭሱ የኮሎምቢያን ወንዝ ሸለቆ ተከትሎ ወደ እርሻዎቹ መውረዱን አልተወም።

ገበሬዎቹ በ1928 በማኅበር ተደራጅተው አቤቱታቸውን አሰሙ። በ1931 የሁለቱ አገሮች የጋራ ኮሚሽን 350,000 ዶላር ካሣ እንዲከፈል ሐሳብ አቀረበ፤ በ1938 የዳኝነት ጉባዔው 78,000 ዶላር ጨመረ። በ1941 በተሰጠው የመጨረሻ ውሳኔ ደግሞ ፋብሪካው ነፋሱን እየተከታተለ የጭሱን መጠን እንዲቆጣጠር ታዘዘ። ፋብሪካውም በ1930ዎቹ ጋዙን በአሞኒያ እየያዘ አሞኒየም ሰልፌት የተባለውን ማዳበሪያ ማምረት ጀምሮ ነበር።

ከዚያ በኋላ መያዣው ፈሳሽ ራሱ ተደጋግሞ የሚሠራበት ዘዴ ተገኘ። በ1970ዎቹ በአሜሪካና በጃፓን ሥራ ላይ የዋለው የዌልማን ሎርድ ዘዴ ከእነዚህ አንዱ ነው። ጭሱ አቧራው ከተጣራለት በኋላ ሶዲየም ሰልፋይት በሟሟበት ውሃ ይታጠባል። ውሃው ጋዙን ይይዛል። ፈሳሹ በእንፋሎት ሲሞቅ የያዘውን ጋዝ ይለቃል፤ የቀረው ጨው እንደገና በውሃ ሟሙቶ ወደ ሥራው ይመለሳል። ነገሩ እንስራ ምንጭ ወርዶ እንደሚሞላ፣ ቤት ደርሶ እንደሚገለበጥና ተመልሶ ወደ ምንጭ እንደሚወርድ ነው። የተለቀቀው ጋዝ ሰልፈሪክ አሲድ ይሆናል፤ አሲዱም ዳፕን ለመሳሰሉ ማዳበሪያዎች የፎስፌት ድንጋይ ማሟሚያ ነው።

ይሁን እንጂ ዘዴው ወጪ አለው። ብዙ እንፋሎት ይፈጃል፤ የፈሳሹም ከፊል ጋዙን ወደማይለቅ ሰልፌት ስለሚለወጥ እየተወገደ በአዲስ መተካት አለበት።

ስለዚህ በአካባቢው ማቅለጫ ፋብሪካ የሚተከልበት የገበሬ ማኅበር መሪ ጥያቄው «ጭስ ማውጫው ምን ያህል ይረዝማል?» ሳይሆን «ድኙ በምን ይያዛል?» የሚል ሊሆን ይገባል። ጉዳት ሲታይም ቀኑን፣ የነፋሱን አቅጣጫና የተጎዳውን ማሳ ስፋት መዝግቦ መያዝ ያስፈልጋል፤ ካሣ የሚወሰነው በማስረጃ ነውና።