እንጀራና አገር፤ የኳስ ተጫዋቹ የራሺድ መኽሉፊ ታሪክ

«ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» የሚለውን የአባቶቻችንን ምክር ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ይልቁንም በወር ደመወዝ የሚተዳደር ሰው የዚህን ምክር ጥቅም አይስተውም። ዛሬ የምናወሳላችሁ ግን የቆመበትን ጠንካራ ባላ በገዛ እጁ ነቅሎ ስለ ሄደ አንድ አፍሪካዊ ኳስ ተጫዋች ነው። የምንጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ራሺድ መኽሉፊ በ1936 ዓ.ም. በአልጄሪያ፤ በሴቲፍ ከተማ ተወለደ። አገሪቱ ያን ጊዜ በፈረንሣይ ግዛት ሥር ነበረች። እሱ የስምንት ዓመት ልጅ ሳለ በሜይ 8 ቀን 1945 ዓ.ም. በዚያችው ከተማ ነፃነት የጠየቁ ሰልፈኞች በጥይት ተመቱ፤ ከዚያም በአካባቢው በተደረገው የበቀል ቅጣት ብዙ ሺህ ሕዝብ አለቀ። መኽሉፊ በ1954 ዓ.ም. ወደ ፈረንሣይ ተሻግሮ፤ የድንጋይ ከሰል ይወጣባት በነበረችው በሴንት ኤቲዬን ከተማ ክለብ ገባ። በአሠልጣኙ በዣን ስኔላ እጅም ጥበቡን አዳበረ። በ1957 ዓ.ም. ክለቡ ለመጀመሪያ ጊዜ የፈረንሣይ ሻምፒዮን ሲሆን፤ ከዋነኞቹ ግብ አግቢዎች አንዱ እሱ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስተዋል ይገባል። ኳስ ተጫዋች በሁለት ገመድ የታሰረ ሰው ነው። አንደኛው ከክለቡ ጋር የተፈራረመው የሥራ ውል ሲሆን፤ እንጀራውን የሚያገኘው በዚህ ነው። ሁለተኛው ዜግነቱ ነው፤ ለየትኛው አገር ቡድን እንደሚሰለፍ የሚወስነውም ይኸው ነው። በቅኝ ግዛት ለተወለደ ሰው ግን ሁለቱንም ገመዶች የያዘው አንድ እጅ ነበር። አልጄሪያውያን በሕግ በፈረንሣይ ዜግነት ይቆጠሩ ስለ ነበር፤ መኽሉፊ ለፈረንሣይ ቡድን ተሰለፈ፤ በ1958 ዓ.ም. በስዊድን ለሚደረገው የዓለም ዋንጫም ታጨ። በዚያው ጊዜ ወገኖቹ ከፈረንሣይ ጦር ጋር ይዋጉ ነበር።

በአፕሪል ወር 1958 ዓ.ም. የአልጄሪያ ነፃ አውጪ ግንባር ጥሪ በምስጢር ደረሰው። ዕድሜው 21 ነበር፤ የፈረንሣይን የውትድርና ግዳጅም ገና አልፈጸመም ነበርና፤ መሄዱ ከጦር እንደ መኮብለል ይቆጠርበታል። ይህን እያወቀ፤ እንደ ሞናኮው ተከላካይ እንደ ሙስጠፋ ዚቱኒና እንደ ሌሎች ጓደኞቹ ድንበር ተሻግሮ ወደ ቱኒስ ሄደ። የዓለም እግር ኳስ ማኅበር ፊፋ ቡድናቸውን አላውቅም አለ። እነሱ ግን ከሰሜን አፍሪካ እስከ ምሥራቅ ኤውሮፓ፤ እስከ ቻይናና ሰሜን ቬትናም እየዞሩ ተጫወቱ። በ1961 ዓ.ም. ዩጎዝላቪያን በቤልግሬድ 6 ለ1 አሸነፉ። ፈረንሣይ በስዊድን ሦስተኛ ስትወጣ መኽሉፊ በዚያ አልነበረም፤ ከዚያም በኋላ በዓለም ዋንጫ ሳይጫወት ቀረ።

አልጄሪያ በጁላይ 1962 ዓ.ም. ነፃ ወጣች። መኽሉፊ ጥቂት ጊዜ በስዊስ ለሰርቬት ክለብ ከተጫወተ በኋላ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ወደ ሴንት ኤቲዬን ተመለሰ። ክለቡ ያን ጊዜ ወደ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ወርዶ ነበር። ራሱ በኋላ እንደ ተረከው፤ ሕዝቡ መጀመሪያ በዝምታ ተመለከተው፤ ኳስ ሲይዝ ግን ጭብጨባው አስተጋባ። ክለቡ በ1963 ዓ.ም. የሁለተኛው ዲቪዚዮን፤ በ1964፤ በ1967ና በ1968 ዓ.ም. ደግሞ የፈረንሣይ ሻምፒዮን ሆነ። በ1968 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ደ ጎል በተገኙበት የዋንጫ ፍጻሜ ቦርዶ 2 ለ1 ሲሸነፍ፤ ሁለቱንም ግቦች ያገባው መኽሉፊ ነው።

በ1982 ዓ.ም. በስፔን አልጄሪያ ምዕራብ ጀርመንን 2 ለ1 ስታሸንፍ፤ ከቡድኑ አሠልጣኞች አንዱ ሆኖ በዓለም ዋንጫ ሜዳ ዳር ቆመ። በኖቬምበር 2024 ዓ.ም.፤ በ88 ዓመቱ፤ ከዚህ ዓለም በሞት ተለየ።

ክቡራን አንባቢዎች ሆይ፤ ባላውን እንዲነቅል የሚጠየቅ ሰው ጥቂት ነው። መኽሉፊ ግን በተጠየቀ ጊዜ ዋጋውን ዐውቆ ከፈለ። ሲመለስም ይዞት የገባው የይቅርታ ደብዳቤ ሳይሆን፤ ጠንቅቆ የተማረው ሙያው ነበር።