ለሐኪም ጊዜ የሚከፈል ዋጋ

ሲያትል ሱፐርሶኒክስ የተባለው የአሜሪካ የቅርጫት ኳስ ቡድን ሐኪም የነበሩት ዶክተር ሀዋርድ ማሮን፣ ተጫዋቾቹ በፈለጓቸው ሰዓት ሁሉ ያገኙት የነበረውን የቅርብ ክትትል ዋጋውን ለሚችል ቤተሰብ ሁሉ ለመስጠት አስበው፣ በ1996 እ.ኤ.አ. በዚያችው በሲያትል ከተማ አዲስ ዓይነት ክሊኒክ ከከፈቱ ወዲህ፣ ኮንሲየርዥ የሚባለው የሕክምና ሥርዐት በአገሪቱ ውስጥ እየሰፋ ስለ ሄደ፣ ዛሬ በሜሪላንድ ወይም በቨርጂኒያ የሚኖር ወገናችን፣ የለመደው ሐኪም ከመጪው ዓመት ጀምሮ የአባልነት ገንዘብ ለሚከፍሉ ብቻ እንደሚያገለግል የሚያስታውቅ ደብዳቤ ቢደርሰው የሚያስደንቅ አይደለም።

በተለመደው አሠራር አንድ የቤተሰብ ሐኪም የሚጠብቃቸው ሕሙማን ሁለት ሺህና ከዚያም በላይ ስለሚሆኑ፣ ኢንሹራንሱም በአብዛኛው የሚከፍለው በታየው ሰው ቁጥር ስለ ሆነ፣ ሐኪሙ ከሩብ ሰዓት ብዙም በማያልፍ ጊዜ ውስጥ ሕማሙን ሰምቶ፣ መርምሮ፣ መድኃኒት አዝዞ፣ ይህንኑም በኮምፒዩተር መዝግቦ ወደሚቀጥለው ክፍል ይሮጣል። በ2000 እ.ኤ.አ. በፍሎሪዳ የተመሠረተው ኤምዲቪአይፒ የተባለው የኮንሲየርዥ ኩባንያ ግን የአንዱ ሐኪም ሕሙማን ከ600 እንዳይበልጡ ወስኖ፣ በቁጥር የጎደለውን ገቢ እያንዳንዱ አባል በየዓመቱ በሚከፍለው ሁለት ሺህ ዶላር ገደማ ይሞላዋል፤ ባለጸጎች የሚታዩባቸው ክሊኒኮች ደግሞ የዚህን ብዙ እጥፍ ያስከፍላሉ። በገንዘቡ የሚገኘው በዚያው ቀን ወይም በማግሥቱ የሚያዝ ቀጠሮ፣ የሐኪሙ የእጅ ስልክ ቁጥር፣ ሰፋ ያለ ዓመታዊ ምርመራና ያልተጣደፈ ንግግር ነው።

ይህ ክፍያ ኢንሹራንስ አለመሆኑን አጥብቆ መረዳት ያስፈልጋል። ሆስፒታል ለመተኛት፣ ለቀዶ ሕክምና፣ ለልብ ወይም ለኩላሊት ስፔሻሊስት፣ ለመድኃኒትም የሚወጣውን አይሸፍንም፤ የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ የሆነው ሜዲኬርም ለአረጋውያን የአባልነቱን ገንዘብ አይከፍልላቸውም። ስለዚህ አባሉ የኢንሹራንሱን ወርኃዊ ክፍያ እንደ ቀድሞው እየከፈለ ይህን በላዩ ይጨምራል ማለት ነው። ከዚህ ጋር የሚመሳሰል፣ ነገር ግን ከዚህ የሚለይ ዳይሬክት ፕራይመሪ ኬር የሚባል ሌላ መንገድ አለ፤ በዚህኛው ሐኪሙ ከኢንሹራንስ ጋር ጨርሶ ሳይነካካ ወርኃዊ ክፍያ ብቻ ይቀበላል፤ ዋጋውም አብዛኛውን ጊዜ ያነሰ ነው። ከጥር 2026 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአንድ ሰው በወር እስከ 150 ዶላር ድረስ ያለውን እንዲህ ያለ ክፍያ ከግብር ነጻ ከሆነው የጤና ቁጠባ ሒሳብ ማውጣት በሕግ ተፈቅዷል። ታክሲ እየነዳ ራሱን የሚያስተዳድርና ኢንሹራንሱ መክፈል ሳይጀምር ብዙ ሺህ ዶላር ከኪሱ እንዲያወጣ የሚገደድ ሰው ከኮንሲየርዡ ይልቅ ይህን ቢመረምር ይሻለዋል።

ዳሩ ግን ይህ ሁሉ ዕድሜ ይጨምራልን? በ2023 እ.ኤ.አ. የኢኮኖሚ ተመራማሪዎች በሜዲኬር ሥር ያሉ አረጋውያንን መዝገብ መርምረው ባሳተሙት ጥናት፣ ወደ ኮንሲየርዥ ሐኪም የገቡት ሰዎች ጠቅላላ የሕክምና ወጪ ከ30 እስከ 50 በመቶ ሲጨምር፣ በአማካይ የሟቾች ቁጥር ግን እንዳልቀነሰ አግኝተዋል። ምክንያቱ ለእኔ ግልጽ ይመስለኛል፤ ጊዜ ያለው ሐኪም ብዙ ያዝዛል፣ ብዙ ወደ ስፔሻሊስት ይልካል፣ በጤነኛ ሰው ላይ የሚደጋገም ምርመራ ደግሞ ከሕማሙ ይልቅ ጭንቀቱን የሚያበዛበት ጊዜ አለ።

በአንጻሩ በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመው የኖርዌይ ጥናት የሚያሳየው ሌላ ነው። በዚያ አገር ነዋሪ ሁሉ ስሙ በአንድ የቤተሰብ ሐኪም ዘንድ ሊመዘገብለት መብት ያለው ሲሆን፣ ከአንዱ ሐኪም ጋር ከ15 ዓመት በላይ የቆዩት ሰዎች አንድ ዓመት ብቻ ከቆዩት ጋር ሲነጻጸሩ የመሞታቸው ዕድል በ25 በመቶ ገደማ ያነሰ፣ ሆስፒታል መግባታቸውም እንዲሁ የቀነሰ ሆኖ ተገኝቷል። እርግጥ፣ ልዩነቱን ያመጣው ዝምድናው ብቻ ነው ብሎ መፍረድ አይቻልም፤ ሆኖም የነፍስ አባት የቤቱን ገመና ለረጅም ዘመን ስለሚያውቅ ንስሐውን በልኩ እንደሚሰጥ፣ ሕመምተኛውን ለዓመታት የሚያውቅ ሐኪምም አዲስ መጪ የማያስተውለውን የፊት መክሳትና የድምፅ መድከም ሳይነገረው ያያል። ይህ ዝምድና በመቆየት የሚገኝ ነው፤ የአባልነት ገንዘብ ሊያቀልለው ይችል ይሆናል እንጂ አይወልደውም። ሐኪሙን በየዓመቱ የሚለውጥ ሰው በኮንሲየርዥም ቢሆን እንግዳ ሆኖ ይቀራል።

ስለዚህ በእኔ ፍርድ፣ ልቡም ኩላሊቱም ስኳሩም የታመመበት፣ አራትና አምስት ስፔሻሊስት የሚያመላልሱት፣ ልጆቹም ሁለት ሥራ ስለሚሠሩ መድኃኒቱን የሚያስተባብርለት ያጣ አዛውንት ወጪውን ያለ ዕዳ ከቻለ፣ ገንዘቡን ለከንቱ አላወጣም። ጤነኛ ለሆነ የአርባ ዓመት ሰው ግን አያስፈልግም። በስንክሳር ስማቸው የሚነሣው ቆዝሞስና ድምያኖስ ያለ ዋጋ ይፈውሱ እንደ ነበር እያስታወስን የዛሬውን ሐኪም በስስት መውቀስ አይገባንም፤ እርሱም ድካም ያጎበጠው ሰው ነው። ነገር ግን ሁለት ሺህ የነበሩት ወደ ስድስት መቶ ሲወርዱ፣ የቀሩት ሺህ አራት መቶ ሰዎች ቀድሞውኑ ወደ ተጨናነቀው የጎረቤት ክሊኒክ እንደሚሄዱ መዘንጋት የለበትም።

አንባቢ ሆይ፣ ደብዳቤው ቢደርስህ ከመፈረምህ በፊት ውሉን በእጅህ ይዘህ፣ ሐኪሙ ዕረፍት ሲወጣ በሌሊት ስልኩን የሚያነሣው ማን እንደ ሆነ፣ በዓመቱ መካከል ብትወጣ ወይም ሐኪሙ ሥራ ቢተው የቀረው ገንዘብ ይመለስልህ እንደ ሆነ በጽሑፍ መልስ ተቀበል፤ እናትህን ወይም አባትህን የምታስመዘግብም ከሆነ፣ አማርኛ አስተርጓሚ በስልክ ይቀርብላቸው እንደ ሆነ አስቀድመህ ጠይቅ።