ስታርት ላይ ምን ይቀመጥ?

ኮምፒውተር የገዛ ሰው ስታርትን ሲጫን የሚያገኘው ሌሎች የደረደሩለትን ነው። ጨዋታ፣ የፊልም ማያ፣ የአየር ትንበያ፣ ለሙከራ የተሰጠ ጸረ ቫይረስ፣ ከፍቶት የማያውቀው የማኅበራዊ ሚዲያ ምልክት። እ.ኤ.አ. በ2015 ዊንዶውስ 10 ሲወጣ ካንዲ ክራሽ ሳጋ የሚባለው የከረሜላ ጨዋታ አብሮት እንደሚመጣ በይፋ ነበር የተነገረው። እኔ የምተዳደረው በኮምፒውተር ጽሑፍና በፎቶ ኮፒ ነው። ውል፣ ማመልከቻ፣ ሲቪና የመመረቂያ ጽሑፍ ስተይብ ለምውል ሰው ከረሜላው ምን ያደርግልኛል? ስለዚህ ሱቄ አዲስ ማሽን ሲገባ ከሁሉ አስቀድሜ ስታርቱን አራግፋለሁ።

የሚገርመው፣ ይህ ቁልፍ የተፈጠረው ሰው ግራ እንዳይጋባ ተብሎ ነው። ለረጅም ዓመታት የማይክሮሶፍት ፕሮግራመር የሆነው ሬይመንድ ቼን እንደጻፈው፣ ዊንዶውስ 95 ገና ሲሠራ ከታች ባለው መስመር ላይ የነበሩት ሦስት ቁልፎች ናቸው፤ አንዱ ለሲስተም፣ አንዱ ለፍለጋ፣ አንዱ ለእርዳታ። በኋላ ሦስቱ ወደ አንድ ተጠቃለሉ። ለሙከራ የመጡት ሰዎች ግን ኮምፒውተሩን ከፍተው ዝም ብለው ቁጭ፤ ከየት እንደሚጀምሩ አላወቁም። ቁልፉ ላይ «ስታርት» ተብሎ ቢጻፍበት ነገሩ ተፈታ። እ.ኤ.አ. በ2012 ዊንዶውስ 8 ቁልፉን አንስቶ ስክሪኑን ሙሉ በሰሌዳ ሲሞላው ብዙ ሰው ተደናገረ፤ በዓመቱ በ8.1 ቁልፉ ተመለሰ፣ በዊንዶውስ 10 ደግሞ ዝርዝሩ። እ.ኤ.አ. በ2021 የመጣው ዊንዶውስ 11 መሐል ላይ አስቀመጠው። ወደ ግራ ጥጉ እንዲመለስ የፈለገ የታችኛውን መስመር ራይት ክሊክ አድርጎ በታስክባር ሴቲንግስ ውስጥ «አላይመንት» የሚለውን «ሌፍት» ማድረግ ነው። እኔ መልሼዋለሁ፤ እጄ የለመደው ግራ ነው።

ወደ ጽዳቱ ስንመጣ፣ ብዙ ሰው የሚፈራው «ባጠፋው ፕሮግራሙ ቢጠፋብኝስ?» ብሎ ነው። አይፈረድበትም፤ ሾርትከት የሚባለውን ነገር አብዛኛው ሰው ያወቀው በፍላሽ ቫይረስ ነው። ቫይረሱ እውነተኛውን ፎልደር ይደብቅና በቦታው አቋራጭ ያስቀምጣል፤ ባለፍላሹም ፋይሌ ተበላ ብሎ ይደነግጣል። ጤነኛው ሾርትከት ግን ወደ ፕሮግራሙ የሚመራ ምልክት ብቻ ነው። ስታርት ላይ አንዱን ምልክት ራይት ክሊክ ሲያደርጉ ሁለት የተለያዩ ትእዛዞች ይመጣሉ። «አንፒን» ከፊት ያነሳዋል እንጂ ፕሮግራሙን አይነካውም፤ በሙሉው ዝርዝር ውስጥ እንዳለ ይቀመጣል። «አንኢንስቶል» ግን ከማሽኑ ያወጣዋል። በየቀኑ ሽሮ የሚሠራ ሰው የበዓሉን ድስት ወደ ላይኛው መደርደሪያ ይሰቅለዋል እንጂ አይጥለውም፤ አንፒን ማለት እሱ ነው። የከረሜላውን ጨዋታ እኔ እጥለዋለሁ። አታሚው ሲገዛ አብሮት የመጣውን ፕሮግራም ግን ከፊት አነሳዋለሁ እንጂ አላወጣውም፤ ቀለም ሲያልቅና ወረቀት ሲነክስ እሱ ነው የሚፈለገው።

ከዚህ ሁሉ በላይ እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከታች ያለው ክፍል ነው። ዊንዶውስ 11 ስታርት ውስጥ «ሪኮሜንድድ» ብሎ በቅርብ የተከፈቱትን ፋይሎች በስማቸው ይደረድራል። ቤቱ ለብቻው ለሚሠራ ሰው ይጠቅም ይሆናል። የእኔ ደንበኛ ግን ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ስክሪኑን እያነበበ ነው የሚያጽፈው፤ «እዚህ ጋ አራት ነጥብ አድርጊ» የሚለው እያየ ስለሆነ ነው። ስታርትን በተጫንኩ ቁጥር ከእሱ በፊት የመጣችው ሴት ያጻፈችው የፍቺ ማመልከቻ ከነስሟ ፊቱ ላይ ቢመጣስ? ሰፈር ነው፤ ይተዋወቃሉ። ሴቲንግስ፣ ከዚያ ፐርሰናላይዜሽን፣ ከዚያ ስታርት ውስጥ ገብቶ በቅርብ የተከፈቱ ፋይሎችን የሚያሳየውን ማጥፋት ነው። እዚያው ሲጠፋ ፋይል ኤክስፕሎረር የሚያሳየው የቅርብ ፋይሎች ዝርዝርም አብሮ ይጠፋል። አንዳንዱ በዚህ ይናደዳል፤ እኔ ደስ ይለኛል። ፎቶ ኮፒ ቤት፣ የሕግ ጉዳይ ጸሐፊ ቤት፣ ክሊኒክ፣ የትምህርት ቤት ሬጅስትራር፣ ሰው ከፊት ቆሞ የሚያይበት ኮምፒውተር ያለው ሁሉ ዛሬውኑ ቢያጠፋው እላለሁ።

ቦታው ሲለቀቅ የራስን ማስቀመጥ ይቻላል። ስታርት ላይ የሚሰካው ፕሮግራም ብቻ የሚመስለው ብዙ ነው፤ ፎልደርም ይሰካል። የቤት ኪራይ ውል፣ የመኪና ሽያጭ ውል፣ የዋስትና ደብዳቤ፣ የሥራ ልምድ ማስረጃ ባዶ ቅጾቻቸው በአንድ ፎልደር ናቸው፤ ራይት ክሊክ፣ «ፒን ቱ ስታርት»፣ አለቀ። በየቀኑ የምነካቸውን ደግሞ ታስክባሩ ላይ በተራ ሰክቻለሁ። መጀመሪያ ወርድ፣ ሁለተኛ ቴሌግራም፣ ሦስተኛ ስካነር። የዊንዶውስ ቁልፍን ይዞ 1 ሲጫኑ ወርድ፣ 2 ሲጫኑ ቴሌግራም ይከፈታል። ዛሬ ዛሬ ግማሹ ሥራ በቴሌግራም ነው የሚመጣው። ረዳቴ መጀመሪያ ሰሞን «እትዬ፣ ቴሌግራሙ የታለ?» ትል ነበር፤ አሁን ማውሱን ሳትነካ ትከፍተዋለች። ተራውን ግን ሱቄ ባሉት ሦስት ማሽኖች ላይ አንድ ዓይነት ማድረግ ያስፈልጋል፤ አለዚያ አንዱ ላይ የለመደ እጅ ሌላው ላይ ይሳሳታል።

ስታርትን ተጭኖ ስም በመጻፍ መፈለግም ፈጣን ነው፤ ለእኛ ለአማርኛ ተያቢዎች ግን አንድ እንቅፋት አለው። የአማርኛ መተየቢያው ፓወር ግዕዝ በርቶ ከሆነ የፍለጋው ሳጥን ውስጥ የሚገባው የግዕዝ ፊደል ነው፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ ወርድን በእንግሊዝኛ ስሙ ነው የሚያውቀው። ምንም አላገኘሁም ይላል፣ ሰውዬው ፕሮግራሙ ጠፋ ይላል። መጀመሪያ ወደ እንግሊዝኛ መመለስ ነው። የፋብሪካ ስማቸው ቁጥርና ፊደል የተደባለቀባቸውን እንደ ስካነር ያሉትን ደግሞ በሙሉው ዝርዝር ላይ ራይት ክሊክ አድርጎ «ኦፕን ፋይል ሎኬሽን» ሲሉ ሾርትከቱ ያለበት ፎልደር ይከፈታል፤ እዚያ ስሙን መለወጥ ይቻላል። የእኔ «ስካነር» ነው የሚለው፣ በአማርኛ። ከመደብሩ የወረዱት መተግበሪያዎች ግን ይህን ትእዛዝ አያሳዩም፤ ስማቸው እንዳለ ይቀራል።

ስታርት ጸድቶም ማሽኑ ሲነሳ የሚንቀራፈፍ ከሆነ ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነው። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ አንድ ላይ ተጭኖ ታስክ ማናጀር ውስጥ «ስታርትአፕ» የሚለውን መክፈት፤ ኮምፒውተሩ በተነሳ ቁጥር ራሳቸውን የሚከፍቱት እዚያ ይታያሉ። የማያስፈልገውን «ዲስኤብል» ማለት ነው፤ ጸረ ቫይረሱን ግን አትንኩ።

አዲሱ አሠራር ጭራሽ አልዋጥ ላለው ኦፕን ሼል የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ ስታርትን የዊንዶውስ 7 ዓይነት መልክ ይሰጠዋል። ለአንድ ጡረታ የወጡ መምህር ጭኜላቸዋለሁ። አሁንም ያልተዋጠላቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ኮምፒውተር ለማጥፋት «ጀምር» የሚለውን መጫን። እሱን እንኳ እኔም ማስረዳት አልቻልኩም።