በሰበታ መኻል ከተማ የሸቀጥ ሱቅ የሚከፈትበትን ሥፍራ ስለ መምረጥ

መግቢያ

ዘይት፣ ስኳር፣ ዱቄት፣ ፓስታ፣ ሻይ ቅጠል፣ ሳሙናና ይህን የመሳሰለውን የዕለት ፍጆታ የሚሸጥ ሱቅ በየከተሞቻችን በብዛት ይገኛል። ይህን ዓይነቱን ቤት ፈረንጆች «ግሮሰሪ» ይሉታል፤ በእኛ አገር ግን ይህ ስም ለመጠጥ ቤት ስለ ዋለ፣ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «የሸቀጥ ሱቅ» ብለን እንጠራዋለን።

የሸቀጥ ሱቅ የሚከፍተው ሰው ብዙውን ጊዜ ባለጸጋ አይደለም። ከዕቁብ የወጣለትን፣ ከዘመድ የተበደረውንና ከደመወዙ የቆጠበውን አንድ ላይ አድርጎ ይጀምራል። ሸቀጡ አልሸጥ ቢል በሌላ ሸቀጥ ይለወጣል፤ ዋጋው ቢወደድ ይቀነሳል፤ ሠራተኛው ቢሰንፍ ይመከራል። ሥፍራው የማይሆን ከሆነ ግን የቅድሚያ ኪራዩ፣ መደርደሪያውና የቤቱ እድሳት የበላው ገንዘብ ተመልሶ አይገኝም። ስለዚህ ሥፍራን መምረጥ ከሁሉ በፊት የሚታሰብ ነገር ነው። እኛም በሰበታ ከተማ ምሳሌነት ይህ ምርጫ በምን መንገድ ሊደረግ እንደሚገባው ከዚህ በታች ለማስረዳት እንሞክራለን።

የሰበታ አቀማመጥ

ሰበታ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ፣ በጅማ መንገድ ላይ፣ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። ከአዲስ አበባ የሚመጣው መንገድ ዓለም ገና ላይ ለሁለት ይከፈላል፤ አንደኛው ወደ ቡታጅራ ሲያመራ ሁለተኛው በሰበታ በኩል ወደ ጅማ ይሄዳል። ከተማዋ በዚህ አስፋልት ግራና ቀኝ የተዘረጋች ስለ ሆነች፣ መኻል ከተማ የሚባለው ክፍል እንደ ክብ አደባባይ ሳይሆን እንደ ረጅም መቀነት ነው። የመኖሪያ ሠፈሮቹ ግን ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ በሚገቡት የጠጠርና የኮብልስቶን መንገዶች ዳርና ዳር ይገኛሉ።

በ1987 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ የሰበታ ነዋሪ ወደ 14 ሺህ ይጠጋ ነበር። በ1999 ዓ.ም. ሲቆጠር ግን ከ49 ሺህ በላይ ሆኖ ተገኝቷል። የዚህ ዕድገት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው በአካባቢው የተተከሉት ፋብሪካዎች ናቸው። ሁለተኛው አዲስ አበባ እየሠሩ፣ ቤቱና ኪራዩ ይቀለናል ብለው በሰበታ የሚያድሩት ሰዎች ናቸው። በአምቦ መንገድ ላይ ያለችው ቡራዩና ከእንጦጦ ማዶ በጎጃም መንገድ ላይ ያለችው ሱሉልታም በዚሁ ዓይነት አድገዋል። ሦስቱም በ2015 ዓ.ም. በተቋቋመው በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃልለዋል።

እንግዲህ የሰበታ ባለሱቅ ተፎካካሪው ጎረቤቱ ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ ውሎ የሚመለስ ሰው አየር ጤና ላይ ታክሲ ሲጠብቅ በዙሪያው ብዙ ሱቆች ያያል፤ ከፈለገ እዚያው ገዝቶ ይሳፈራል። ዊልያም ራይሊ የተባለው አሜሪካዊ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1931 ባወጣው ጥናት፣ ከተማ ገበያተኛን የሚስብበት ኃይል በሕዝቡ ብዛት መጠን እንደሚጨምርና በርቀቱ መጠን በብርቱ እንደሚቀንስ አስረድቷል። ይህን ሐሳብ ወደ እኛ ጉዳይ ስናመጣው፣ ትልቁ ከተማ በአቅራቢያችን እስካለ ድረስ ሰበታ ላይ በደንብ የሚሸጠው በታክሲ ይዞት ለመምጣት የሚያስቸግረው ነገር ነው ማለት ነው። አምስት ሊትር ዘይት፣ የዱቄት ከረጢት፣ የሚሰበር እንቁላልና ትኩስ ዳቦ ከዚህ ወገን ናቸው። ስለዚህ ሱቁ ገዢው እነዚህን ተሸክሞ በእግሩ ቤቱ ሊደርስ ከሚችልበት ሥፍራ መራቅ የለበትም።

የሚያልፍ ሰውና የሚቆም ሰው

ብዙ ሰው ሥፍራ ሲመርጥ የሚጠይቀው «በዚህ በኩል ስንት ሰው ያልፋል?» ብሎ ነው። ጥያቄው መልካም ነው፤ ዳሩ ግን አይበቃም። በጅማ መንገድ ላይ ቀኑን ሙሉ የሚያልፈው ተሽከርካሪ እጅግ ብዙ ነው፤ ነገር ግን ከጅማ የመጣ የጭነት መኪና ነጂ ስኳር ለመግዛት ሰበታ ላይ አይቆምም። ትልቅ ፋብሪካም በአጠገብ ቢኖር፣ ሠራተኞቹ በሰርቪስ መኪና ገብተው በሰርቪስ መኪና የሚወጡ ከሆነ፣ ከበሩ ፊት ለፊት ላለው ሱቅ የሚሰጠው ጥቅም ጥቂት ነው። እንደዚሁም ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመውና በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የጂቡቲ የባቡር ሐዲድ መነሻው ሰበታ ነው፤ ዋናው የመንገደኞች ጣቢያ ግን ለቡ ነው። የሥራው ትልቅነት ብቻ ገበያተኛን አያመጣም።

ስለዚህ ጥያቄው «ስንት ሰው በእግሩ ወደ ቤቱ ሲሄድ ያልፋል?» ተብሎ መለወጥ አለበት። በአገራችን ተሽከርካሪ የመንገዱን ቀኝ ይዞ ስለሚሄድ፣ ማታ ከአዲስ አበባ የሚመለሰው ሰው የሚወርደው ወደ ጅማ ሲሄዱ በስተቀኝ ባለው ዳር ነው። ጠዋት ወደ ሥራ ሲሄድ ደግሞ በተቃራኒው ዳር ይሳፈራል። ጠዋት የሚቸኩል ሰው ዳቦና ካርድ ከመግዛት አያልፍም፤ የቤቱን አስቤዛ የሚገዛው ማታ ነው። እንግዲህ ለሸቀጥ ሱቅ የሚሻለው የማታው መውረጃ ዳር ነው። ከዚያም ይልቅ የሚሻለው ከመውረጃው ተነሥቶ ወደ ሠፈር የሚገባው መንገድ አፍ ነው፤ ምክንያቱም በሰፊው አስፋልት የተበተነው ሕዝብ በዚያ በአንድ በር እንደሚገባ ሆኖ ይሰበሰባል።

ይህን ለማረጋገጥ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። አንድ ሰው ወረቀትና እርሳስ ይዞ በአንድ ተራ የሥራ ቀን፣ በአንድ የገበያ ቀንና በአንድ እሑድ፣ ከጠዋቱ 12 እስከ 2 ሰዓትና ከቀኑ 11 እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ድረስ ተቀምጦ ይቁጠር። ሲቆጥርም እጃቸውን ባዶ የሚያልፉትንና ከረጢት ወይም ዘንቢል ሞልተው የሚያልፉትን ለይቶ ይጻፍ። ዘንቢል ሞልተው የሚያልፉት ከበዙ፣ ከዚያ ሥፍራ በፊት የሚገዙበት ሌላ ሱቅ አለ ማለት ነው፤ የታሰበው ሥፍራ ከመንገዱ ላይ ዘግይቷል።

ሌላም ምልክት አለ፤ ይኸውም ጉሊት ነው። ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ቃሪያ ዘርግተው የሚቀመጡት ሴቶች ኪራይ የማይከፍሉ፣ ዕቃቸውንም አንሥተው ለመሄድ ብዙ የማይቸገሩ ናቸው። ሥፍራው ካልሸጠላቸው በማግሥቱ ወደ ሌላ ይዛወራሉ። ስለዚህ ከወር እስከ ወር ጉሊት የማይነሣበት ማዕዘን ሲገኝ፣ ሥፍራው ብዙ ጊዜ ተሞክሮ የተመረጠ ነው ማለት ይቻላል። እዚያ የሚከፈተው ሱቅ ሽንኩርቱን ለእነሱ ትቶ ዘይቱንና በርበሬውን ቢይዝ ሁለቱም ይጠቀማሉ፤ ወጥ ለመሥራት ሁለቱም ያስፈልጋሉና።

ስለ ጎረቤት

በመርካቶ ሸማ በሸማ ተራ ይሸጣል። ሃሮልድ ሆቴሊንግ የተባለው ሊቅም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1929 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ተወዳዳሪ ነጋዴዎች እርስ በርሳቸው ወደ መቀራረብ እንደሚያዘነብሉ አስረድቷል። ከዚህ ተነሥቶ «ሱቅ ባለበት ሱቅ መክፈት ነው» የሚል ሰው ይኖራል። ነገር ግን የዕቃውን ዓይነት መለየት ያስፈልጋል። ሸማ ወይም ጫማ የሚገዛ ሰው ከአንዱ ወደ አንዱ እየዞረ ያመዛዝናል፤ ስለዚህ የነጋዴዎቹ መሰብሰብ ገዢውን ከሩቅ ይጠራዋል። አንድ ኪሎ ስኳር የሚገዛ ሰው ግን አይዞርም፤ ከቅርቡ ገዝቶ ይሄዳል። ስለዚህ ሦስት የሸቀጥ ሱቆች በተደረደሩበት አራተኛውን መክፈት ያንኑ ገዢ ለአራት መካፈል ነው።

የሸቀጥ ሱቅ የሚጠቅመው ጎረቤት እሱ የሌለውን የሚሸጥ ነው። ዳቦ ቤት ጠዋትና ማታ በየቀኑ ሰው ያመጣል። ወፍጮ ቤት ሽሮና በርበሬ የሚያስፈጩትን ሴቶች ተራ እስኪደርሳቸው ድረስ ያስቆያል። ሥጋ ቤትም መልካም ጎረቤት ነው፤ ሆኖም በዐቢይ ጾምና በፍልሰታ ስለሚቀዘቅዝ፣ በእሱ ብቻ የተመካ ሱቅ አብሮት ይቀዘቅዛል።

ሥፍራው የሚወስነው የገዢውን ብዛት ብቻ ሳይሆን የአከፋፈሉንም ዓይነት ነው። በአስፋልቱ ዳር ያለ ሱቅ መንገደኛን ስለሚያስተናግድ በአብዛኛው በእጅ በእጅ ይሸጣል። ወደ ሠፈሩ ውስጥ በገባ ቁጥር ገዢው ጎረቤት ይሆናል፤ ጎረቤት ደግሞ እስከ ወር መጨረሻ በዱቤ ይጠይቃል። ዱቤ ደንበኛን ያጸናል፤ ነገር ግን መነሻ ገንዘቡ ጥቂት የሆነ ሰው ገንዘቡ ሁሉ በዱቤ መዝገብ ላይ ከቀረ መደርደሪያውን የሚሞላበት ያጣል። ስለዚህ ወደ ውስጥ የሚገባ ሰው ለዱቤ የሚሆን ገንዘብ አስቀድሞ መመደብ ይገባዋል።

የኪራይ ስሌት

ኪራዩ ውድ ነው ወይም ርካሽ ነው የሚባለው ከሽያጩ ጋር ሲመዛዘን ነው። ለምሳሌ ያህል ሁለት ቤቶች አሉ እንበል። አንደኛው በአስፋልቱ ዳር ሆኖ በወር 20,000 ብር፣ ሁለተኛው በሠፈሩ መንገድ አፍ ሆኖ በወር 8,000 ብር ይከራያል። ባለሱቁ ከ100 ብር ሽያጭ 10 ብር ያተርፋል፣ አንድ ገዢም በአማካይ የ250 ብር ዕቃ ይወስዳል ብለን እናስብ።

የመጀመሪያው ቤት ኪራዩን ብቻ ለመክፈል በወር 200,000 ብር፣ ማለትም በቀን ወደ 6,667 ብር መሸጥ አለበት፤ ይህም 27 ገዢ ነው። ሁለተኛው በወር 80,000 ብር፣ በቀን ወደ 2,667 ብር ይሸጥ፤ ይህም 11 ገዢ ነው። ስለዚህ ጥያቄው ሁሉ ወደዚህ ይጠቃለላል፦ በአስፋልቱ ዳር ያለው ቤት በየቀኑ 16 ተጨማሪ ገዢ ያመጣልን? ቆጠራው አዎን ካለ ውዱ ቤት ርካሽ ነው። አይደለም ካለ፣ ባለሱቁ ትርፉን ለአከራዩ ይሠራል ማለት ነው። የራሱን ኪራይና የራሱን ትርፍ በዚህ ስሌት አስገብቶ መሥራት ለማንም አይከብድም።

ውል ከመፈረሙ በፊት ሊመረመር የሚገባው

በጥር ያማረ ሥፍራ በነሐሴ ሌላ ሊሆን ይችላል። በክረምት ጎርፉ የት እንደሚሄድ፣ ጭቃውም ገዢውን ወደ የትኛው ዳር እንደሚገፋው ነዋሪውን መጠየቅ ያስፈልጋል። በአስፋልቱና በሱቁ መካከል ያለው ቦይ በአንዲት ሳንቃ ብቻ የሚሻገሩት ከሆነ፣ ሽማግሌና ልጅ ያዘለች እናት ወደሚቀጥለው ሱቅ ያልፋሉ። ሰበታ የታወቀው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ያለባት ከተማ ናት። በዱላቸው እየተመሩ የሚሄዱ ሰዎች ባሉባት ከተማ ጠንካራ መሸጋገሪያና ደረጃ የሌለበት በር ደግነት ብቻ ሳይሆን የንግድም ጥበብ ነው።

ዕቃው በብዛት የሚመጣው ከመርካቶ ስለ ሆነ፣ አይሱዙ ቆሞ የሚያራግፍበት ቦታ መኖሩም ይታይ። መኪናው ሩቅ ከቆመ የተሸካሚው ዋጋ በእያንዳንዱ ከረጢት ላይ ይጨመራል።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን የፕላን ጉዳይ ነው። የአዲስ አበባ ዋና ገበያ ቀድሞ በአራዳ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር፤ በጣልያን ወረራ ዘመን ግን በትእዛዝ ወደ ዛሬው መርካቶ ተወሰደ። በቅርቡም በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማት የፒያሳ ብዙ ሱቆች ፈርሰዋል። በፍጥነት በምታድግ ከተማ ውስጥ በዋና መንገድ ዳር የሚከራይ ሰው ቤቱ በመንገድ ማስፋፊያ ክልል ውስጥ መሆን አለመሆኑን ከከተማው መሬት ጽሕፈት ቤት ሳይጠይቅ ገንዘብ መክፈል የለበትም።

ውሉም በጽሑፍ ይሁን፤ ኪራዩ በየስንት ጊዜውና በምን መጠን እንደሚጨምር ይገለጽበት። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የቤት ኪራይ አዋጅ፣ ስሙ እንደሚያመለክተው የመኖሪያ ቤትን እንጂ የንግድ ቤትን አይመለከትም። ስለዚህ ሱቁ መልመድ ሲጀምር አከራዩ ኪራዩን በእጥፍ እንዳያሳድግ ተከራዩን የሚጠብቀው በዋነኛነት ራሱ የፈረመው ውል ነው።

መደምደሚያ

ከዚህ በላይ የዘረዘርነውን ባጭሩ ስናጠቃልለው፣ በሰበታ ለሸቀጥ ሱቅ የሚስማማው ሥፍራ ብዙ ሰው የሚያልፍበት ሳይሆን፣ ማታ ከታክሲ ወርዶ በእግሩ ወደ ቤቱ የሚሄደው ሰው ዕቃ ሳይገዛ የሚደርስበት ነው። ይህም በአብዛኛው ከመውረጃው አጠገብ ያለው የሠፈር መንገድ አፍ ነው፤ ጉሊት፣ ዳቦ ቤት ወይም ወፍጮ ቤት ካለበት ደግሞ ይበልጥ ይመረጣል። በቡራዩና በሱሉልታም መውረጃው ቢለያይም አመራመሩ ያው ነው።

ቆጠራው የሚጠይቀው ሦስት ቀን፣ ስሌቱም አንድ ወረቀት ነው። የብዙ ዓመት ቁጠባ ለሚከፈልበት ቤት ይህን ያህል መድከም ይገባል እንላለን። የንግድና የምጣኔ ሀብት ተማሪዎችም በየሠፈራቸው ይህን ቆጠራ ለሚጠይቃቸው ሰው ቢያደርጉለት፣ ትምህርታቸው ለወገናቸው በቅርብ የሚጠቅም ይሆናል።