ውሻችን ለምን ያነክሳል?

ውሻ ደጃፍ ጠባቂ፥ ሕፃናትን አጫዋች፥ ሌሊቱን ሙሉ ለቤተ ሰቡ የሚተጋ እንስሳ እንደ ሆነ ሁላችን እናውቃለን። ነገር ግን ሕመሙን በአንደበቱ ሊናገር አይችልምና በታመመ ጊዜ መርምሮ ማወቅ የጌታው ፈንታ ነው። ከሚደርሱበትም ችግሮች ሁሉ ፈጥኖ ለዓይን የሚታየው ማነከስ ነው። ማነከስ ግን የሌላ ችግር ምልክት ነው እንጂ ራሱን የቻለ በሽታ አይደለም። ምክንያቱም ብዙ ስለ ሆነ ሳይመረምሩ መፍረድ ወደ ስሕተት ይመራል።

ለዚህ ምሳሌ የሚሆን በሰፈራችን የሆነውን አንድ ነገር እናውሳ። አንድ ቤተ ሰብ «መቻል» ብለው የሚጠሩት ውሻ ነበራቸው። ይህ ውሻ አንድ ቀን ጠዋት የፊት ቀኝ እግሩን እያነሣ ሲያነክስ ታየ። የቤቱም ልጆች፥ «ትናንት የጎረቤታችን ልጅ ድንጋይ ይዞ በአጥራችን ሥር ሲያልፍ አይተነዋል» አሉ። ይህ ብቻ እንደ ማስረጃ ተቈጥሮ ልጁ ተወቀሰ። እናቱም «ልጄ አላደረገውም» ብለው አዘኑ፤ ተቈጡም። ብዙ ዘመን ቡና ሲጠራሩ የኖሩት ሁለቱ ቤቶች ሦስት ሳምንት ያህል ሰላምታ እንኳ ሳይለዋወጡ ቈዩ።

ውሻውም እየባሰበት ስለ ሄደ የእንስሳት ሐኪም ተጠራ። ሐኪሙ እግሩን ከጣቶቹ ጀምሮ ወደ ላይ እየዳሰሰ ከመረመረ በኋላ የቤቱን እመቤት ጠርቶ፥ «እትዬ፥ ይህ ውሻ በድንጋይ አልተመታም። ይህን ጥፍር ይመልከቱ፤ አድጎ ተቈልምሞ ሥጋው ውስጥ ገብቷል» አላቸው። በእግሩ ውስጠኛ ወገን ከፍ ብሎ የሚገኘው ጥፍር መሬት ስለማይነካ እንደ ሌሎቹ በመራመድ አያልቅም፤ ካልተቈረጠ እንደ ቀለበት ዞሮ ሥጋን ይወጋል። እመቤቲቱ ይህን በሰሙ ጊዜ አፈሩ። በዚያው ዕለት ማታ ወደ ጎረቤታቸው ቤት ሄደው፥ «በልጅሽ ላይ በከንቱ ፈርጄበታለሁና ይቅር በዪኝ» አሉ። ልጁንም ጠርተው ሳሙት።

እንግዲህ ውሻችሁ ባነከሰ ጊዜ አስቀድማችሁ የታመመው የትኛው እግር እንደ ሆነ ለዩ። በደልዳላ መሬት ላይ በዝግታ ሲራመድ ተመልከቱት። የታመመው የፊት እግሩ እንደ ሆነ፥ ያ እግር መሬት ሲነካ ራሱን ወደ ላይ ያነሣል፤ ደኅነኛው ሲያርፍ ግን ዝቅ ያደርጋል። የታመመው የኋላ እግሩ ከሆነ፥ ያን እግር ሲያሳርፍ ክብደቱን ወደ ፊት ለመጣል ራሱን ዝቅ ያደርጋል።

ከዚህ በኋላ እጃችሁን ከጣቶቹ ጀምራችሁ ወደ ላይ በቀስታ አሳልፉ፤ ከደኅነኛውም እግር ጋር አስተያዩት። ነገር ግን እጅግ ገር የሆነ ውሻ እንኳ ሲያመው ሊናከስ ይችላል። ስለዚህ የሚያውቀው ሰው ራሱን ይያዝ፤ ትንፋሹ ካልታፈነና ካላስመለሰው አፉን በለስላሳ ጨርቅ ለጥቂት ጊዜ ማሰር ይገባል። ሕፃናት ግን በዚህ ሥራ አይግቡ።

ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ከመዳፉ ይገኛል። እሾህ፥ የጠርሙስ ስባሪ፥ ምስማር፥ የተሰነጠቀ ጥፍር፥ በጣቶች መካከል የተጣበቀ መዥገር፥ በፀሐይ የጋለ አስፋልት ያቃጠለው ቈዳ፥ እነዚህ ሁሉ ያስነክሳሉ። ሙጀሌም እንደ ሰው ሁሉ የውሻን እግር ይበላል። ሙጀሌ በውሻው መዳፍ ከተገኘ በዚያው ግቢ በባዶ እግራቸው የሚጫወቱ ልጆች እግር ደግሞ ሊመረመር ይገባል። ትንሽ ቍስል ሲሆን፥ ፈልቶ ለብ ባለ ውሃ ጥቂት ጨው ጨምሮ ማጠብ ይበቃል፤ በጥልቅ የገባ ነገር ግን ለሐኪም ይተው።

ሁለተኛው ምክንያት በአጥንትና በመጋጠሚያ ላይ የሚደርስ ጕዳት ነው። ይኸውም ወለምታ፥ ውልቃት፥ ስብራት ነው። ትንንሽ ውሾች የጕልበታቸው ሎሚ ከቦታው እየወጣ ተመልሶ ይገባል፤ እነዚህ ጥቂት እርምጃ በሦስት እግር ዘለል ዘለል ብለው እንደ ገና ደኅና ሆነው ይሄዳሉ። በጕልበት ውስጥ ያለው ጅማት የተበጠሰበት ውሻ ግን የኋላ እግሩን በድንገት ያነሣል። እንደ ጀርመን ሼፐርድ ያሉ ትልልቅ ዘሮች ደግሞ ገና በልጅነታቸው የዳሌያቸው መጋጠሚያ በሚገባ ሳይገጥም ስለሚያድግ ከተኙበት ሲነሡ ይቸገራሉ። ያረጀ ውሻ ቍርጥማት ይይዘዋል፤ ክብደት በበዛበት መጠንም ይብስበታል። በትልቅና በሸመገለ ውሻ እግር ላይ ጠንካራ እብጠት ቢታይ የአጥንት ነቀርሳ ሊሆን ስለሚችል ሳይዘገዩ ማስመርመር ይገባል። መዥገር የሚያስተላልፈው ትኵሳትም መጋጠሚያን እያሳመመ አንድ ጊዜ በአንዱ፥ ሌላ ጊዜ በሌላው እግር ያስነክሳል።

ሦስተኛው ምክንያት ምግብ ነው፤ ይህም በተለይ እኛን ጿሚዎችን ይመለከታል። በዐቢይ ጾም 55 ቀን በቤታችን ሥጋም ወተትም ስለማይገባ ውሻው የተረፈውን እንጀራና ሽሮ ብቻ እየበላ ይከርማል። ጾም ግን የተሠራው ለሰው ነው እንጂ ለውሻ አይደለም። በማደግ ላይ ያለ ቡችላ ሥጋ ሰሪ ምግብና ካልሲየም ካላገኘ አጥንቱ ይሳሳል፤ እግሩ ይጐብጣል፤ በትንሽ ዝላይም ይሰበራል። ሥጋ ብቻ የሚበላ ቡችላም ሥጋ ካልሲየም ስለሚያንሰው ከዚህ ችግር አያመልጥም። ካልሲየም ያለ ልክ መስጠት ደግሞ የትልልቅ ዘሮችን ቡችሎች አጥንት ስለሚጐዳ ልኩን ሐኪም ይወስን። ፋሲካ ሲደርስ የበሰለ የዶሮ አጥንት መጣልም መልካም አይደለም፤ ተሰንጥቆ ጕሮሮውንና አንጀቱን ይወጋልና።

አሁን ስለ መድኃኒት አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ እንስጥ። ብዙ ሰዎች በርኅራኄ ተነሣሥተው በቤት ያለውን የሰው ማስታገሻ ለውሻቸው ይሰጣሉ። ፓራሲታሞል የውሻን ጕበትና ደም ይጐዳል፤ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክም ጨጓራውን ያደማሉ፥ ኵላሊቱንም ያበላሻሉ። ስለዚህ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አንዲት ክኒን እንኳ አትስጡ። ለቀላል ወለምታ የሚሻለው፥ በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ለጥቂት ደቂቃ ማድረግና ውሻውን በጠባብ ቦታ ማሳረፍ ነው። በሁለት ቀን ካልተሻለው ወደ ሐኪም ይሂድ። እግሩን ጨርሶ የማያሳርፍ፥ አጥንቱ የወጣ፥ በመኪና የተገጨ ወይም ሁለቱ የኋላ እግሮቹ የከዱት ከሆነ ግን አንድ ሰዓት እንኳ አይቈይ።

ከሁሉ በላይ ሊታሰብ የሚገባው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ይህ በሽታ ሁልጊዜ በቍጣና በመናከስ ብቻ አይጀምርም፤ አንዳንድ ጊዜ እግርን በማዛልና በማንገዳገድ ይጀምራልና ተራ ማነከስ ይመስላል። ከዚህ ጋር ጠባዩ የተለወጠ፥ ድምፁ የሻከረ፥ አፉ ተከፍቶ ለሃጩ የሚዝረበረብ፥ መዋጥ የተሳነው ውሻ ብታዩ በእጃችሁ አትንኩት፤ አፉንም እሾህ ገባበት ብላችሁ አትክፈቱ። ልጆችን አርቃችሁ፥ በር ዘግታችሁ ለእንስሳት ሐኪም አስታውቁ። የተነከሰ ወይም ለሃጩ ቍስሉን የነካው ሰው ቢኖር ቍስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ይጠብ፤ በዚያው ቀንም ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ክትባት ይጀምር። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1885 ዓ.ም. ሉዊ ፓስተር ክትባቱን ለአንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ከሰጠ ጀምሮ በጊዜ የደረሱ እጅግ ብዙ ሰዎች ድነዋል። ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ ግን መዳን የለም ለማለት ይቻላል። ስለዚህ ውሻን በጊዜው ማስከተብ ለራስ ልጆች መጠንቀቅ ነው።

ዛሬ በቢሾፍቱ ባለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅና በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የተማሩ ሐኪሞች በየቦታው ይገኛሉና ጠይቆ መረዳት አያስቸግርም። መቻልም ጥፍሩ ተቈርጦ ቍስሉ ከታጠበ በኋላ በጥቂት ቀን ውስጥ በአራት እግሩ ሮጠ። ዛሬ ጥፍሩን በየወሩ እያየ የሚያስቈርጠው ያ በሐሰት የተወቀሰው የጎረቤት ልጅ ነው።